በጾም ጎማ የፈሰሰበት መስቀል

ፈሳሽ ጎማ የራሱ ጠባይ አለው። ጎንደር ውስጥ በጎማ ቅርጽ እያወጣሁ ለቱሪስት ትንንሽ የጄሶ ግንብ እሠራለሁና፣ ጠባዩን ሁሉ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የሚቀላቀልበት ማድረቂያ ካነሰ እንደ ሙጫ እጅ ላይ ይቀራል። ተቻኩለው ካፈሰሱት አረፋ ይይዝና ግንቡ ፈንጣጣ የያዘው መስሎ ይወጣል። ቅርጹ የሚወሰድለትን ዕቃ ቫዝሊን ሳይቀቡ ካፈሰሱበት ደግሞ ወይ ጎማው ይቀደዳል፣ ወይ ዕቃው ይሰበራል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ታዲያ ማወቅ የንስሐ አባት ፊት ምን ያደርጋል?

የንስሐ አባቴ ኮሶዬ በኩል ያለ ደብር ያገለግላሉ። ከአያታቸው ለአባታቸው፣ ከአባታቸው ለእሳቸው የወረደ የእንጨት መስቀል አላቸው። እጀታው መሰንጠቅ ሲጀምር፣ «ሳይሰበርብኝ አምሳያውን አውጪልኝ» ብለው ይዘውልኝ መጡ።

የቫዝሊኑን ክዳን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ቅባት ነው አባ፣ ጎማው እንዳይጣበቅ።»

«በጾመ ነቢያት መስቀል ቅባት ልትቀቢ?»

«አባ፣ መስቀሉ አይበላው እኮ!»

«እኛ እንሳለመው የለም እንዴ? በአፋችን!»

ቫዝሊኑን መልሼ ከደንኩት። የመስቀሉን ቀዳዳዎች በሰም ስደፍን ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ሰም የቤተ ክርስቲያን ነዋ! እያማተብኩ ጎማውን አፈሰስኩት።

በማግስቱ ሊወስዱት መጡ። የሚቀጥለው ቀን ኅዳር ጽዮን፣ የደብራቸው ንግሥ ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ደግሞ ይሄንኑ መስቀል ነው። ብስበው ብስበው ንቅንቅ የለም። እጀታው ሲጥ አለ። እሳቸው «እግዚኦ!» አሉ፤ እኔ ሌላ ነገር ልል ነበር፣ ዋጥኩት። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። የሦስት ትውልድ መስቀል እጄ ላይ ቢሰበር ጎንደር ውስጥ የት እገባለሁ?

ጨከንኩና ጎማውን በጎኑ በቢላ ሰነጠቅኩት። ጣቴን ባስገባ፣ መስቀሉን የነካው በኩል ሁሉ አልደረቀም፤ ሙልጭልጭ ይላል። ሳብ ሳደርገው መስቀሉ ምንም ሳይሆን ሸርተት ብሎ ወጣ። እልል ልል ስል ፊታቸውን አየሁ።

መስቀሉ ነጥቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጥቁር መስቀል፣ ትናንት የተጠረበ ወይራ መስሎ ቁጭ አለ። ጥቁረቱ ጎማው ላይ ቀርቷል። አሸተትኩት፤ ቅቤ! ጸጉሯን የተቀባች ሁሉ ግንባሯን ያስነካችው፣ ዘመን ያስቆጠረ ቅቤ። እሱ ላይ ጎማ ምኑን ይደርቃል?

«አባ፣ እኔን ቫዝሊን ከለከሉኝ እንጂ መስቀሉስ ዕድሜ ልኩን ሲገድፍ ነው የኖረው!» ብዬ በሳቅ ፈረስኩ።

እሳቸው አልሳቁም። የተበላሸውን ጎማ አንስተው ጥቁሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ያባቴ እጅ እዚህ ላይ ነው ያለው» አሉ።

ጎማውን ተቀብዬ ልጥለው ነበር፤ እጄን ሰበሰብኩ።

መስቀሉን በቀኝ፣ ጎማውን በግራ ይዘው ወጡ። ደጅ ላይ ጎረቤቴ አይታቸው ልትሳለም ጎንበስ አለች። አንዴ ቀኛቸውን፣ አንዴ ግራቸውን አዩና ጎማውን ዘረጉላት።