የነቢል ወንበርና የእኔ ጋቢ

መቱ ሄዳችሁ ከድር ሾፌርን ጠይቁ። የጠየቃችሁት ልጅ ከሆነ አባቱን ጠርቶ ያመጣላችኋል፤ አባትየው ደግሞ ወንበር ስቦ ታሪኬን ይጀምርላችኋል። ከበደሌ እስከ ጋምቤላ የእኔ አይሱዙ ያላለፈው ጭቃ የለም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለቀምኩት ከቡና ጆንያ ላይ ነው። ቁቤውን ደግሞ፣ የመሥሪያ ቤቱ ታፔላ ሁሉ በኦሮምኛ ሲጻፍ፣ ከታፔላ ወደ ታፔላ እየዞርኩ ራሴን አስተማርኩ። ሞተር መፍታትም ማንም አላሳየኝም፤ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ተነሣ። በራሴ ጥፋት ተገልብጬ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራም ቢሆን የሚገባኝ ጉራ ነው።

አሁን የምኖረው ስዊድን ነው። የምጽፈውም ስልክ እየደወላችሁ «ጋሽ ከድር፣ ልጅን ወንበር ላይ ማሰር ምን የሚሉት ፈረንጅነት ነው?» ለምትሉኝ የመቱ፣ የጎሬና የቡሬ ሰዎች፣ ደግሞም ትናንት ከአውሮፕላን ወርዳችሁ «የልጅ ወንበር ግዙ» ለተባላችሁ ስደተኞች ነው። እኔ ከሁላችሁም በፊት ተምሬዋለሁ። የተማርኩበትን መንገድ ግን ለጠላቴም አልመኘውም።

ወረቀቴ ላይ ከአገር ወጣ ተብሎ የተጻፈው አውሮፕላን የተሳፈርኩበት ቀን ነው። እኔ ግን የወጣሁት አማቼ ታጁ በተገደለበት ቀን ነው። ታጁ ቡሬ ላይ ሱቅ ነበረው። ታጣቂዎች እየተኮሱ ከተማዋ ሲገቡ በሩን ሊዘጋ ወጣ፤ በሩ ላይ ቀረ። ማን ናቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ጥይት ስሙን እየተናገረ አይመጣም። ልጄ ሙና ደውላ «አባ፣ ታጁን ገደሉት» አለችኝና ስልኩ ተቋረጠ። የጎረቤቴን ደብል ጋቢና ተቀብዬ፣ በጎሬ አድርጌ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡሬ ደረስኩ። ታጁ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ደሙ በብርድ ልብሱ አልፎ የሱቁን ደረጃ ይወርዳል።

«እሱን እኛ እንቀብረዋለን» አሉኝ ጎረቤቶቹ። «እርስዎ በሕይወት ያሉትን ይዘው ይውጡ፣ ማሎ፣ እባክዎ!»

ሙና ከኋላ ገባች። ገና ጡት የሚጠባው ነቢል ጀርባዋ ላይ በአንቀልባ ታስሯል፤ ለማውረድ ፋታ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ሂክማ እንደ አገራችን ልጆች ሁሉ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ቆመች። እኛ ዘንድ ልጅ መኪና ውስጥ ይቆማል፣ ወይ ጭን ላይ ይቀመጣል። መንገዱን ማየት ደስ ይለዋል።

ከቡሬ እንደወጣን ጫካው ውስጥ ተኩስ ተከፈተብን። የኋላው መስታወት ረገፈ።

«ሙና፣ ወለሉ ላይ ውረጂ! ሂክማ፣ አንቺም!»

ሙና ተንበርክካ ደረቷን ከፊት ወንበሩ ጀርባ ጋር አጣበቀች። ሂክማ ግን ስትፈራ ሁልጊዜ የምትመጣው ወደ እኔ ነበር። «አባባ» ብላ እጅጌዬን ጨበጠች። ቀኝ ክንዴን ደረቷ ላይ አጋደምኩ። ይህ ክንድ የቡና ጆንያ ያለ ረዳት ወደ አይሱዙ ያወጣ የነበረ ክንድ ነው። ጥይት ጎማውን መታው፤ መኪናው መንገዱን ለቀቀና ከትልቅ ዋንዛ ጋር ተላተመ። ክንዴ እንደ ሸንኮራ አገዳ ተቀነጠሰ። ሂክማ በፊት መስታወቱ አልፋ ሄደች።

ሙና የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ ጥርሷ ረግፏል። ነቢል እናቱ ጀርባ ላይ እንደታሰረ እሪ ይላል፤ አንድ ጭረት የለበትም። የአንቀልባው ጠፍር አልላላም፤ መላ ሰውነቱ በእናቱ ጀርባ ላይ ተደግፎ ነበር። ሂክማን ከዛፉ ሥር ያነሣኋት በአንድ እጄ ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው «እኔ ልጄን አጥብቄ እይዛለሁ» ሲለኝ አልሰማውም። በዚያ ክንድ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። እኔ ካልቻልኩ ማንም አይችልም።

የሚያልፍ ጭነት መኪና አንሥቶን መቱ ደረስን፤ ሂክማን እዚያ ቀበርናት። ክንዴ ሳይጠገን ተነሣን፤ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ ብዙ ጥበቃ፣ ከዚያ ስዊድን። ነቢል በመንገድ ላይ እግር አወጣ፣ በመንገድ ላይ አፍ ፈታ።

የመቱ ዝናብ ክረምት ከበጋ ቢወርድብህም ይሞቅሃል፣ ያበቅልልሃል። የዚህ አገር በረዶ ድምፅ የለውም፤ ጠዋት በርህን ስትከፍት ቆሞ ታገኘዋለህ። ዳቦው ይጣፍጣል፣ ማሩ ግን ከያዮው ጫካ ማር ጋር ሲተያይ የስኳር ውሃ ነው። ሽማግሌ አይከበርም፤ «አንቱ» የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። የሥራ ቢሮዋ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ በአስተርጓሚ እንዲህ አለችኝ፦

«ከድር፣ አንተ ምን መሥራት ትችላለህ?»

«ሁሉን።»

«ሁሉን የሚል ፎርሙ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ፎርማችሁ ጎደሎ ነው።»

አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመም። ገብቶኛል፤ ያኔም ቋንቋውን ጀምሬ ነበር። መንጃ ፈቃዱን በራሴ አንብቤ አወጣሁ። ፈታኙ ከመኪና ስወርድ «የት ነው የተማርከው?» አለኝ። «የጎሬ ቁልቁለት ላይ» አልኩት።

አሮጌ መኪና ገዛሁ፤ ከዚያ የልጅ ወንበሩ ጉዳይ መጣ። በቋንቋቸው ቢልባርንስቶል ይሉታል። ሙና ሎፒስ ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እንግዛ አለች። አንድ ጢማም ሰውዬ ጥሩ የሚመስል ወንበር ይሸጣል።

«ተጋጭቶ ያውቃል?» አልኩት።

«ምንም አልሆነም፤ ንጹሕ ነው፤ ታጥቧል።»

«መታጠቡን አልጠየቅሁህም። ተጋጭቷል?»

«አንተ ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም?»

«አንተንም ወንበሩንም አላውቃችሁም» ብዬ ሄድኩ። ሙና አፈረች። እኔ ግን የሚገለበጥ ጭነት አንድ ጊዜ የያዘ ገመድ ደህና መስሎ እንደሚታይና በሁለተኛው እንደሚበጠስ አውቃለሁ። ታሪኩን የማታውቁትን ወንበር አትግዙ።

ሱቅ ገባን። ሻጭዋ ክንዷ እንደ መካኒክ የፈረጠመ ሴት ናት። ለነቢል የሰጠችን ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው፤ ባኮትቬንድ ይሉታል።

«ልጁ መንገዱን ካላየ እንዴት ሾፌር ይሆናል?» አልኳት።

«መጀመሪያ ይደግ» አለች። «ልጅ ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነው። ፊቱን ወደፊት አድርጎ ከተጋጨ ጭንቅላቱ ይወረወራል፤ እንዲህ ሲሆን ግን ጀርባውን ሁሉ ወንበሩ ይቀበለዋል።»

እናቱ ጀርባ ላይ የተረፈው ነቢል ትዝ አለኝ። ጥሩ ነው ብዬ ልጁን በጋቢዬ ጥቅልል አድርጌ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ቀበቶውን ቆለፍኩ። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሸክም በማሰር ማን ይበልጠኛል? ሴትየዋ ግን ቀበቶውን ሳትፈታ፣ ምንም ሳትለኝ፣ ጋቢውን ከሥሩ ሳብ፣ ሳብ አድርጋ አወጣችው። ቀበቶው ነቢል ደረት ላይ ተንጠለጠለ። ሁለቱን ቡጢዎቿን ደርባ በመሐሉ አሳለፈች።

«ያሰርከው ጋቢውን ነው» አለችኝ። «ልጁ አልታሰረም።»

ቀበቶውን አጠበቀች፤ አንድ ጣት ብቻ እስኪገባ። ከዚያ ጋቢውን ከላይ አለበሰችው።

እኔ የሰው ቃል ብቻ ሰምቼ የማምን ሰው አይደለሁም። በማግሥቱ አንድ ጆንያ ድንች በጋቢ ጠቅልዬ፣ ወንበሩ ላይ አስሬ፣ ሕንፃችን ሥር ባለው ባዶ መኪና ማቆሚያ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ስለሚያይ፣ እኔም ወደ ኋላ በፍጥነት ነድቼ ፍሬኑን ረገጥኩ። ጆንያው ከጋቢው ውስጥ ሾልኮ የኋላውን መስታወት መታው፤ ተቀደደ፤ ድንቹ መኪናውን ሞላው። ድንቹን ለቅሜ በሌላ ጆንያ ሞላሁና ያለ ጋቢ አጥብቄ አሰርኩት። አልተነቃነቀም። ደግሜ ስሞክር አከራዬ እየሮጠ መጣ።

«ከድር! ምን እያደረግህ ነው?»

«ጆንያ እየገደልኩ ነው።»

«ይህ የመኪና ማቆሚያ ነው!»

«እያቆምኩ እኮ ነው!»

ፖሊስ ጠራብኝ። ሁለት ለጋ ፖሊሶች መጡ።

«ጠጥተሃል?»

«ሙስሊም ነኝ።»

«ድንቹስ?»

«እሱም አይጠጣም።»

የመጠጥ መለኪያ ቱቦ ውስጥ አስነፈሱኝ፣ ድንቹን ልቀም አሉኝ፣ ሄዱ። አከራዬ እስካሁን በረንዳ ላይ የማሰጣውን ቋንጣ ከዚያ ቀን ጋር አያይዞ ይከስሰኛል።

ከዚያ የበረዶው ክረምት መጣ። ነቢልን ከሕፃናት መዋያው ተቀብዬ ስመለስ፣ ቁልቁለት ላይ ከፊቴ የሚመጣ መኪና በረዶው ላይ ተንሸራቶ ጎናችንን መታን። እኔ ተገልብጬ አላውቅም ብያችኋለሁ፤ ሌላ ሰው ገለበጠኝ። ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡ፣ ብረት ጮኸ፣ መስታወት ፊቴን ከተፈኝ፣ ከመንገዱ በታች ፈፋ ውስጥ በጣሪያችን ቆምን። በቀበቶዬ ተንጠልጥያለሁ፤ ደም ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የነቢል ወንበር ፊቱን ያዞረ ስለሆነ ልጁ አይታየኝም። የኋላው መስታወት የለም። በዚያ ቀዳዳ አሻግሬ ሳይ በረዶው ላይ የተኛ ነጭ ነገር አየሁ። የነቢልን ቁመት ያህላል።

«ነቢል!»

ቀበቶዬን ለመፍታት ታገልኩ።

«ነቢል! ያ ረቢ! ነቢል!»

«አባባ» አለ ከጀርባዬ፣ እንደ ተቆጣ ሰው፤ «ጋቢዬ ወጣ።»

በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ስጽፍም አላፍርም። ወጥቶ የሄደው ጋቢው ብቻ ነው። ልጁ ወንበሩ ላይ ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሏል፤ ቀበቶው ንቅንቅ አላለም።

ሙና ሆስፒታል ደረሰች። ነቢልን ዳበሰችው፣ አንገቱን፣ እግሩን፣ ጥርሱን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና በሁለት እጇ ደረቴን ትደበድበኝ ጀመር። ሂክማን ከቀበርን ወዲህ ስሟን ጠርታ አታውቅም ነበር።

«ሂክማንስ? ሂክማንስ ለምን አላሰርናትም አባ? ነጠላ ነበረኝ እኮ! ትከሻዬ ላይ ነጠላ ነበረኝ እኮ!»

ነርሷ ልትይዛት መጣች። «ተያት» አልኩ። ሙና እስክትደክም መታችኝ፤ ከዚያ እዚያው ደረቴ ላይ ተኛች።

ያን ወንበር ደህና መስሎ ቢታይም ጣልኩት፤ ነቢል በሌላ ወንበር አደገ። ሲረዝም ወደፊት አዞርነው። አሁን ቤልተስኩደ በሚባለው ከፍ ማድረጊያ ላይ ይቀመጣል፤ ቀበቶው በአንገቱ ሳይሆን በትከሻው እንዲያልፍለት ነው። ዘንድሮ ተነሣብኝ።

«አባባ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ትልቅ ሆኛለሁ።»

«ትልቅነትህን የሚናገረው ዕድሜህ ሳይሆን ትከሻህ ነው። ያለ ከፍ ማድረጊያው ስትቀመጥ ቀበቶው የት ያልፋል?»

ነካው። «አንገቴ ላይ።»

«እንግዲያው ተቀመጥበት። ሲስቁብህ አያትህ ማን እንደሆነ ንገራቸው።»

ታናሽ ወንድሜ አደም ከመቱ ያዮ ሚኒባስ ይነዳል፤ ራህማ የምትባል ትንሽ ልጅ አለችው። አዲስ ወንበር ገዝቼ በሰው ላክሁለት። ደውሎ አመሰገነኝ።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ደርሷል። ሳሎን አስቀምጠነዋል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል።»

«መኪናው ውስጥ አስገባው!»

«ጋሼ፣ በእሱ ቦታ እኮ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ረዳቴን ቢጠይቁት ሦስት ነው የሚልዎት። ራህማን ደግሞ እናቷ ታቅፋታለች፤ አጥብቃ ነው የምትይዛት።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በማግሥቱ እኔው ደወልኩ፤ ስለ ወንበሩ አልተናገርኩም። «ሂክማ መቃብር ላይ ሣሩን አጭደኸዋል?» ብቻ አልኩት። እዚያ ሄጄ ራሴ የማላጭደው ምን ሆኜ ነው? ግን መንገዱ እስካሁን ለእኔ አይሆንም ይሉኛል፤ በሌሊት ሕልሜ ብቻ ነው ጎሬን አልፌ የምወርደው።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው። ሳልማር አነበብኩ፤ በአማርኛ፣ በቁቤ፣ በስዊድንኛም። በዋንዛው ግጭት የተሰበረ ክንዴን ይዤ ልጄንና የልጅ ልጄን ባሕር አሻገርኩ። ጢማሙ ሰውዬ ወንበሩን ሳይሸጥልኝ ቀረ። አንድ ጆንያ ድንች ገደልኩ። ሌላ ሰው በገለበጠኝ መኪና ውስጥ ነቢልን በሕይወት አቆየሁ። ሙና የሂክማን ስም እንድትጠራ ደረቴን ሰጠኋት። በከተማችን ከተለያየ አገር የመጡ እናቶች ወንበር ሊገዙ ሲሄዱ እኔን ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ ሻጭዋም አሁን ከድር መጣ ብላ ትስቃለች። የመጨረሻው ደግሞ ትናንት ሆነ። አደም ከሚኒባሱ ውስጥ ደወለ፤ ሞተሩ ይሰማል፣ ረዳቱ «ያዮ! ያዮ!» ይላል፣ ራህማ ታስራ እያለቀሰች ነው። ወንድሜን፣ ያን ደረቅ፣ በጩኸቱ መሐል እንዲህ ብሎ እንዲጠይቀኝ አደረግሁ፦

«ጋሼ፣ ይህ ጋቢ ከቀበቶው በላይ ነው በታች?»