ላጋንጎቹ መስጠም ሲያቅታቸው

ዩቲኪዮ በቦሆል ባሕር ዳር፣ በእኛ መንደር፣ ላጋንግ አጥማጅ ነበር። ላጋንግ የኦክቶፐስ ዘመድ ነው፤ ግን በጠመዝማዛ ዛጎል ውስጥ ይኖራል። ዩቲኪዮ የቀርከሃ ወጥመዱን የዶሮ ሥጋ ከትቶበት በረጅም ገመድ ወደ ጨለማው ጥልቅ ይሰደው ነበር። አንድ ማለዳ ገመዱ በቢላ ተቆርጦ አገኘው። ማን እንደቆረጠው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሌላው ላጋንግ አጥማጅ ብሩኖ ግን በመስቀል ምሎ ካደ።

«በገዛ አፉ ይናገራታል» አለ ዩቲኪዮ፤ ቀኑንም ጠበቀ።

ብሩኖ የያዛቸውን ላጋንጎች ከነሕይወታቸው ከሴቡ ከተማ ለሚመጣ ነጋዴ ሊሸጥ፣ ባሕሩ ላይ ባሰረው ቅርጫት አኖራቸው። ነጋዴው በሚመጣበት ጠዋት ዛጎላቸው እንዲያበራ ብሎ ከውሃ እያወጣ ወለወላቸው። መልሶ ሲከታቸው እንደ ቡሽ ተንሳፈፉ። ወደ ዩቲኪዮ ሮጠ።

«ማኖይ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ድረስልኝ! መስጠም አቃታቸው!»

«ወለወልካቸው እንዴ?»

«አዎ።»

«አማረባቸው?»

ይህን ፍጥረት እግዚአብሔር በጥበብ ሠርቶታል። ውሃ ስቦ በስንጥቡ ያሳልፍና በቱቦ መሳይ አካሉ ይረጨዋል፤ ያው ግፊት ወደ ኋላ ያስኬደዋል። መተንፈሱና መዋኘቱ አንድ ሥራ ነው። በዛጎሉ የውስጥ ክፍሎች ያለው አየር ክብደቱን ይሸከምለታል። ከውሃ ሲወጣ ግን በሚኖርበት ክፍል ሌላ አየር ገብቶ ይታሰራል፤ ያን ጊዜ ቢገፋ ቢገፋ አይወርድም፤ በሞቀው ውሃ ላይ ትንፋሹን ይጨርሳል።

ቅርጫቱ ዘንድ ሲደርሱ ዩቲኪዮ ከብሩኖ ጀልባ ጫፍ ተቀምጦ ጥሬ ማንጎ መላጥ ጀመረ።

«አየሩን አወጣልሃለሁ። መጀመሪያ፣ ገመዴን ማን ቆረጠው?»

«ማኖይ፣ እየሞቱ ነው እኮ!»

«እኔ አልቸኮልኩም። ለማንጎው ጨው ይዘሃል?»

ሰው ከዳር ተሰበሰበ። «አንተ ሰውዬ፣ ተናገርና ተገላገል! ነጋዴው ደርሷል!» ብላ ጮኸች የብሩኖ የገዛ ሚስት።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የቆረጥኩት!»

ዩቲኪዮ ማንጎውን አስቀምጦ ውሃ ውስጥ ገባ። እያንዳንዱን ላጋንግ ከውሃው በታች አፉን ወደ ላይ አዙሮ ቀስ ብሎ ናጠው፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ሁሉም ሲከብዱለት ቅርጫቱን ገለበጠው።

ላጋንጎቹ ውሃ እየረጩ፣ ዛጎላቸውን አስቀድመው፣ ወደ ጥልቁ ወረዱ።

«ምን አደረግህ? አምኛለሁ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ወጥመዴ ግን ገመዱን ከቆረጥክበት ወዲህ ከታች ብቻውን ነው፤ ተመስገን፣ ዛሬ ላጋንጎችህ ሊጠይቁት ወረዱ።»

ወደ ኋላው ሳያይ ወደ ዳር ዋኘ።