ሰንሰለቱን የኋላ ጎማ ላይ ያሰርኩት ጀግና

መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሄደች።

ዛሬ ጠዋት ነው። ለፈረንጅ ገና ዕረፍት ከኦክላንድ ተነስተን በረዶ ልናይ ወደ ሻስታ ተራራ እየሄድን ነበር። ከኋላ አማቴና ሁለቱ ሴት ልጆቼ ተቀምጠዋል።

ዳገቱ ሳይጀምር ባለቤቴ ሰናይት በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማ ላይ የሚታሰረውን ሰንሰለት መመሪያ ወረቀት ሰጥታኝ "አንብበው" ብላኝ ነበር።

"ጣርማበርን በኢሱዙ ስወርድ የኖርኩ ሰው ወረቀት አያስፈልገኝም" አልኳት። ኢሱዙን የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው፤ ስለዚህ ሰንሰለቱን ከኋላ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ቋጠሮዬን ብታዩ ታደንቁኝ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዝኩ፤ አልሰማችኝም። አማቴ "እመቤቴ ድረሺ" አሉ። መንገዱ ዳር የተቆለለው በረዶ ይዞ አቆመን እንጂ ከዚያ ወዲያ ገደል ብቻ ነበር።

ትልቋ ልጄ "ዳድ፣ አር ዊ ኦኬ?" አለችኝ። እጄ መሪውን አልለቅም አለ።

ሰናይት ወረቀቱን እንደገና ዘረጋችልኝ። ልጄ ላንብብለት ስትል "ተዪው፣ ራሱ ያንብበው" አለቻት።

በማታ ትምህርት የለቀምኩትን እንግሊዝኛ ሁሉ ጠርቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እንደ እኛዋ በፊት ጎማ የምትጎተት መኪና ሰንሰለቷ ከፊት ይታሰራል ይላል። እስክጨርስ ማንም አላቋረጠኝም።

"ጎሽ" አሉ አማቴ። "በል አሁን እሰር።"

አሰርኩ፤ ደረስን።

እናንተስ "እኔን ምን ያቅተኛል" ብላችሁ ቤተሰብ ያስደነገጣችሁበትን ጻፉልኝ። ከእኔ የባሰ ይሁን፤ ኮሜንቱን ሰናይት ታነበዋለች።