ክፍል የለም ያልኩበት እሁድ

ያኔ እሁድ እሁድ በራዲዮ የሚተላለፍ አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። ታሪኩ የሚካሄደው መኪና ካልተበላሸበት በቀር ሰው በማያድርባት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ውስጥ ባለች ቤርጎ ነው። ኮልፌ እኛ ሰፈር ያለን ወጣቶች ድራማውን በማዳመጥ ብቻ አልበቃንም። ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት እንሰበሰባለን። ወፍጮው የአንዱ ጓደኛችን አባት ነው፤ እሁድ አይሠራም። ባዶ ጆንያ አንጥፈን እንቀመጥና ከራዲዮው የቀረውን ራሳችን እንቀጥላለን። ስንወጣ ፀጉራችን ዱቄት ለብሶ ሽማግሌ መስለን ነው።

አጨዋወታችን ሕግ ነበረው። ከድራማው ሰዎች የማንንም ቦታ መውሰድ ክልክል ነው። ቤርጎዋ ውስጥ ማደር የፈለገ የራሱን እንግዳ ይፈጥራል። ከመጫወቱ በፊት ግን ቆሞ ስለ እንግዳው ያስረዳል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ለማንም የማይናገረው ነገር ምን እንደሆነ። ሌሎቻችን በጥያቄ እናፋጥጠዋለን። የመጨረሻው ፍርድ የእኔ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከማንም በዕድሜ አልበልጥም፤ የመረጡኝ አንድም እሁድ ድራማው ስለማያመልጠኝና ውሸት ስሰማ ፊቴ ስለማይደብቅ ይመስለኛል። ካመንኩ "ክፍል ይሰጠው" እላለሁ። ካላመንኩ "ክፍል የለም"።

ጨካኝ ነበርኩ። አንዱ ልጅ አውሮፕላን አብራሪም ሐኪምም ቦክሰኛም የሆነ እንግዳ ይዞ መጣ። "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተኛው?" አልኩት። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ አብራሪነቱንም ሐኪምነቱንም ጥሎ፣ ውሻ የሚፈራ ቦክሰኛ ብቻ አድርጎት ተመለሰ። ክፍል ሰጠሁት፤ ለብዙ ጊዜም ከእንግዶቻችን ሁሉ ተወዳጁ እሱ ሆነ።

የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር በየቤቱ ገብቷል። ወንድ ልጅ ያለው ሰው መኪና በሩ ላይ ሲቆም ይደነግጣል። ከፌርማታ ላይ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከእንጀራው ላይ የተወሰደ ልጅ እናውቃለን። ከመካከላችን ደግሞ አንዱ የቀበሌው የወጣት ማኅበር አባል ነበር። ከእኛ ሁለት ሦስት ዓመት ይበልጣል፤ ብዙ አያወራም። ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር ኬላ ላይ ሲቆም እናየዋለን፤ እሁድ ሲሆን ደግሞ ጆንያችን ላይ ነው። ጨዋታውን ይወደዋል። እንፈራዋለን ብል ውሸት ነው፤ ግን እሱ ባለበት ሁላችንም ቃላችንን እንመርጥ ነበር።

አንድ እሁድ አዲስ ልጅ መጣች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ቆጮና ቡላ ይነግዳሉ፤ ቤተሰቡ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ እኛ ሰፈር ከሰፈረ ቆይቷል። ታላቅ ወንድም አላት፤ ከጥቂት ወራት በፊት "አገር ቤት አጎቱ ጋ ሄደ" ተብሎ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። የሚጠይቅም አልነበረም። በዚያ ዘመን አገር ቤት የሄደ ወንድ ልጅ አይጠየቅም።

ልጅቷ ቆመች። እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ ወለሉን እያየች ጀመረች።

"የእኔ እንግዳ ክፍል አይፈልግም። የሚኖረው ቤርጎዋ ኮርኒስ ውስጥ ነው።"

እንዲህ ዓይነት እንግዳ ገጥሞን አያውቅም።

"እንጨቱ ላይ ሳንቃ ተነጥፎለታል። ቀን ቀን አይንቀሳቀስም። ሰዎቹን የሚያውቃቸው በአናታቸው ነው፤ ማን እንደተላጨ፣ ማን እንደሸበተ። ሳል አለበት። ዝናብ ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ ቆርቆሮው ሲጮህ እሱ እስኪበቃው ይስላል። በጋ ሲሆን ግን ትራሱን ይነክሳል።"

ብዙ እንግዳ ሰምቻለሁ። የተፈጠረ ነገር ሁልጊዜ ትንሽ ይበዛበታል፤ ማማር ይፈልጋል። ይሄኛው ማማር አልፈለገም። ትራሱን ሲነክስ የሰማች ልጅ ናት የምታወራው።

"በምን ይወጣል?"

የጠየቀው የወጣት ማኅበሩ ልጅ ነው። እንደ ወትሮው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሕጋችን እንግዳን መጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም ጥሩ ጥያቄ ነበር። እንደ ተጫዋች ይሁን እንደ ሌላ ነገር ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

"ጓዳ በኩል ነው" አለች። ሰው ስላዳመጣት ፊቷ በርቷል። "እዚያ ጋ ያለው አቡጀዲ ጥጉ ላይ ምስማሩ..."

"ክፍል የለም!" አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ "እንዴ፣ ጥያቄ ሳይጨረስ?" አለ።

"ምን ይጠየቃል? ኮርኒስ ውስጥ የሚኖረው አይጥ ነው። ይሄ ሰው አይደለም፣ ተረት ነው።"

"ተረት አይደለም!" አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

እንድትከራከረኝ ፈጽሞ አልፈለግኩም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር አለቀ። ስለዚህ ያልነበረ ነገር ፈጠርኩ። "ደግሞ ቤርጎዋ ኮርኒስ የላትም። ባለቤቲቱ 'ኮርኒስ ሳላሠራ ክረምት ገባብኝ' ስትል አልሰማችሁም? ድራማውን የማይከታተል ሰው እዚህ ምን ይሠራል?"

ባለቤቲቱ እንዲህ ብላ አታውቅም። ግን የተላለፈን ነገር መልሶ ማድመጫ የለም፤ እኔ አለች ካልኩ አለች ነው።

"ብላለች እንዴ?" አለ የወጣት ማኅበሩ ልጅ።

"ብላለች።"

"እኔ አላስታውስም።"

"ስብሰባ የነበረብህ እሁድ ነው" አልኩት። ቀጥ ብዬ አየሁት። ዓይኑን ወደ ወፍጮው መለሰ። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። ማንም አልተከተላትም፤ እኔም ብከተላት ነገሩ እንደሚታወቅ ስላሰብኩ ሌላ እንግዳ እየጠራሁ ተቀመጥኩ። ምን እንደተባለ አንዱንም አልሰማሁም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ እነሱ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው። ልጅቷ ከኋላቸው ሆና "አላናግራትም፣ ትሂድልኝ!" ትላለች።

"እትዬ" አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ልጅዎ ትናንት ሰው ፊት እንግዳ ፈጥራ ነበር። ኮርኒስ ውስጥ የሚኖር፣ የሚያስለው።"

ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝና በሩን ዘጉት። ልጃቸውን አዩዋት። ያኔ ነው የገባት፤ ለምን እንዳዋረድኳት፣ ምን ልትል እንደነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ለማን ላውራው?" አለች። "ትምህርት ቤት አይወራ፣ ቤተ ክርስቲያን አይወራ። እዚያ ሁሉም ያልሆነውን ነው የሚያወራው ብዬ ነው።"

እናትየዋ አልተቆጧትም። "ማን ማን ነበረ?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የወጣት ማኅበሩን ልጅ ስጠራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቆራጥ ሴት ስለነበሩ ወዲያው አሰቡ። ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር እህት አለቻቸው፤ ያኔ እዚያ ቤቱ ሁሉ አዲስ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። ግን ሲጨልም ሰው ሁሉ ስለሚጠየቅ የሚሄደው በጠራራ ፀሐይ ነው። "ለቅሶ እንደምንሄድ ሆነን እናወጣዋለን" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "ሰው መፍጠር ታውቃላችሁ አሉ። እስቲ ለዚህ ልጅ አንድ ሰው ፍጠሩለት።"

በነጋታው ትምህርት ቤት ቀርቼ ሄድኩ። ወንድሟ ከኮርኒሱ ወርዷል። ፊቱ ቡላ መስሏል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው፣ ረጅም። የእናቱን ጥቁር ቀሚስ አልብሰን፣ ጥቁር ነጠላ እስከ አፍንጫው አከናንበን፣ ጓዳ ውስጥ አቆምነውና እንደ እሁዱ ጠየቅኩት።

"ከየት መጣሽ?"

"ከወልቂጤ።"

"ማን ሞተብሽ?"

"እናቴ።"

"እኔ ቆሜ?" አሉ እናቱ። ሦስታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን፤ እሱን ሳሉ ያዘው። የሞተባት ባሏ እንዲሆን ተስማማን።

"ስንት ልጅ ጥሎብሽ ነው?"

"ሦስት።"

"ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው?"

ወደ እናቱ ዞረ። "እንደገና" አልኩ። እንደገና፣ እንደገና። በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ አላፋጠጥኩም። መልሱ ሳያስብ እስኪመጣለት ድረስ ጠየቅኩት፤ ከዚያ "አሁን ሁሉንም እርሳው" አልኩት። "ድምፅሽ በልቅሶ ተዘግቷል። አንድ ቃል አትናገሪም። ግን ማን እንደሞተብሽ ታውቂያለሽ።"

ወጣን። እናትየዋ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደግፈነዋል፤ እህቱ ከኋላ። አስፋልቱ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ጠመንጃ የያዘ ጎልማሳ አብዮት ጠባቂ ነው። ሌላው የወጣት ማኅበሩ ልጅ ነው።

መመለስ አይቻልም፤ አይተውናል።

"ወዴት ነው?" አለ ጎልማሳው።

"ለቅሶ ነው ጓድ" አሉ እናትየዋ። "የእህቴ ልጅ ናት፣ ባሏ ሞቶባት ከወልቂጤ መጥታ።"

"እግዜር ያጥናሽ" አለ ሰውየው። ጥቁሩ ነጠላ ዝቅ አለ፤ መልስ የለም። "ለምን አትናገርም?"

"ሦስት ቀን ስታለቅስ ድምጿ የለም" አልኩ።

የወጣት ማኅበሩ ልጅ እኔን አየኝ። ከዚያ ቀሚሱን፣ ከዚያ እግሩን። ልክ የሚሆን የሴት ጫማ አጥተን ለወንድሟ የራሱን የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረግንለት። ጣቶቹ ከፊት ወጥተዋል፤ ትልልቅ፣ ጸጉር ያለባቸው። ስለ ልጆቹ ዕድሜ ስጠይቀው የዋልኩት እኔ እግሩን አላየሁትም። የማኅበሩ ልጅ እግሩን ረጅም ጊዜ ያየ መሰለኝ።

"የሰፈራችን ሰዎች ናቸው" አለ ወደ ጎልማሳው ዞሮ። "ይለፉ፤ ታክሲ ያመልጣቸዋል።"

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀመጥን። ትይዩ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ "አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል" አሉት። ያን ጊዜ እንግዳችን የእውነቱን ማልቀስ ጀመረ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እስክንወርድ ድረስ። ጸጥ እንዲል ምልክት የሰጠው የለም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ቤታቸው ተፈተሸ። ኮርኒሱን በዱላ እየወጉ ቀደዱት፤ ከሳንቃ በቀር ምንም አላገኙም። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የወጣት ማኅበሩ ልጅ ከፈታሾቹ ጋር አልነበረም። ይህ ምንም አያረጋግጥም፤ ግን እግሩን አይቶም "ይለፉ" ብሏል፣ እኔ ያንን ይዣለሁ።

ወፍጮ ቤት መሰብሰባችንም በዚያው ቀረ። ይቅር ያለ የለም፤ የሚመጣ ጠፋ እንጂ። ወንድምየው መንግሥት እስኪለወጥ አክስቱ ዘንድ ቆየ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። እህቱ የቅርብ ጓደኛዬ ሆነች። የወጣት ማኅበሩ ልጅ ግን የዚያኑ ዓመት ክረምት ራሱ ተወሰደ። ኮታ ስላልሞላ ነው ተባለ። አልተመለሰም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እናቱን ቤቴል መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። "ልጄ እሁድ እሁድ የት ይሄድ እንደነበር የነገሩኝ ገና አሁን ነው" አሉ። "ምን ሆኖ ነበር የሚጫወተው?"

ፎቶ አንሺ ነበር አልኳቸው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰው ያነሳል። ፊልሙ ካለቀበት ቆይቷል፤ ግን ሰዎቹ ለብሰው፣ ተበጥረው ሲቆሙለት ማሳዘን ስለማይፈልግ ዝም ብሎ ካሜራውን ቀጭ ያደርግላቸዋል።

ሳቁ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። "እሱ? ራሱ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር እኮ።" ከዚያ "ሚስት ነበረችው?" አሉኝ።

የማላውቀውን ልንገራቸው ወይ ብዬ አመነታሁ።

"አልጠየቅኩትም ነበር፣ እማማ" አልኳቸው።