ዶኛ ኤልፒዲያ በአንድ ዓመት አራት ልጅ የወለዱ ጊዜ

የክርስትና እናቴ ዶኛ ኤልፒዲያ («ዶኛ» በእኛ ቋንቋ እንደ «እትዬ» ነው) ወልደው አያውቁም። በትምህርት ቤታችን መዝገብ ላይ ግን የአስራ አንድ ልጆች እናት ነበሩ። እንዲያውም አራታችንን በአንድ ዓመት ነው የወለዱን፤ በጥር፣ በመጋቢት፣ በሰኔና በመስከረም። ለዓመታት ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ሰው ወረቀት ይጠይቃል እንጂ መች ያነባል!

ከሜክሲኮ የመጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። ትምህርት እስከ ሁለተኛ ክፍል ቀምሰዋል፤ የቀረው ዕድሜያቸው እዚሁ አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው አለቀ። ባላቸው በጊዜ ሞተባቸው። ድሮ መንግሥት ለእርሻ ሠራተኞች ምሕረት ያደረገ ጊዜ የመኖሪያ ወረቀት አግኝተዋል። በመኪና ተጎትተው በመጡ ቤቶች በተሞላው ሰፈራችን መብራት በስሙ የገባለት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የወለደች ሁሉ ደግሞ «ዶኛ፣ ክርስትና ያንሱልኝ» ትላለች። እሳቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የልጁን ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃና በወላጅ ስም የመጣ የመብራት ደረሰኝ። የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሕጉ አይፈቅድለትም። እናቶቻችን ግን ይህን ከየት ይወቁት? እነሱ የሚያውቁት፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት፣ ያለ መንጃ ፈቃድ በዚያ አውራ ጎዳና ሲነዱ ፖሊስ ካስቆማቸው ልጃቸውን ተመልሰው ላያዩ እንደሚችሉ ነው።

ስለዚህ ዶኛ ኤልፒዲያ የእያንዳንዳችንን የክርስትና ወረቀት ከደረሰኛቸው ጋር ይዘው ይሄዱ ነበር። ወረቀቱ ላይ የልደታችን ቀን አለ፤ ከሥሩም የእሳቸው ስም። ጸሐፊዋ ስፓኒሽ አታነብም። ቅጹን ስታቀርብላቸው «እናት» በሚለው መስመር ላይ ይፈርማሉ። ማጭበርበር ብሎ ነገር በሐሳባቸው አልመጣም። በእኛ ዘንድ ክርስትና ያነሳ ሰው ወላጅ ነው፣ አለቀ።

የእናትነቱንም ሥራ ሠርተውታል። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስንወርድ እናቶቻችን ገና ሽንኩርት ማሸጊያው ውስጥ ስለሆኑ አስራ አንዳችንም እሳቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ነን። ባቄላችንን በቶርቲያ ቂጣ እየጠቀለልን እየበላን የቤት ሥራ እንሠራለን። ትልቋ እኔ ስለሆንኩ እንግሊዝኛውን የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ «ዩሪዲያ፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ!»

ከዚያ የድሮዋ ጸሐፊ ጡረታ ወጣች። በምትኳ የመጣችው ሚስ ቲድዌል ለክፉ ዕድላችን ወረቀት የምታነብ ሆና ተገኘች። እኔ የመጨረሻው ክፍል ላይ ነኝ፤ ለምረቃዬ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገቡን በብብቷ ሸጉጣ ዶኛ ኤልፒዲያ ደጅ ቆመች።

«አስራ አንዱንም እርስዎ ነዎት የወለዷቸው?» አለች።

«መጀመሪያ ቁጭ ትበል» አሉ ዶኛ ኤልፒዲያ። «እንግዳ ቆሞ አይጠይቅም።»

«ክርስትና እናቴ፣ አዎ ልበላት?» ብዬ አንሾካሾክኩ።

«አፍሽን ያዢ! አልወለድኩም በያት። ነገር ግን ካህኑ አስራ አንድ ጊዜ ‹ይህን ልጅ እንደ ልጅሽ ታሳድጊያለሽ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ፣ አስራ አንድ ጊዜ አዎ አልኩ በያት።»

ያሉትን እንዳለ ነገርኳት። ሚስ ቲድዌል ያን ጊዜ ተቀመጠች። ሳህን ቀረበላት። መዝገቡን ዘጋች።

«ወላጆቻቸው የመኖሪያ ፈቃድ ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠይቅም፣ መጠየቅም አልችልም» አለች። «ደረሰኝ የሌለው፣ ቤቱን ያከራየው ሰው ደብዳቤ ቢጽፍለት ይበቃል። እናት ነኝ ብሎ ግን እናት ያልሆነ ሰው ሊፈርም አይችልም። እስከ ዓርብ ወላጆቻቸው ራሳቸው ይምጡ። አለዚያ የልጆቹን ስም እሰርዛለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ደብዳቤ ይበቃ ነበር! አንድም ሰው አልነገረንም። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ማታ እናቶቹ ተሰበሰቡ። ሬሜድዮስ የምትባለው ጎረቤታችን አለቀሰች። «አበልጄ፣ መንገድ ላይ ቢይዙንስ? የኔ ልጅ ገና ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ዘንድሮ ቢቀርስ ምን ይሆናል?»

«እኔም ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው ‹ዘንድሮ ትቅር› የተባልኩት» አሉ ዶኛ ኤልፒዲያ። «ዘንድሮው ይኸው አርባ አምስት ዓመት ሆነው።»

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ከአከራዩ ደብዳቤ ተቀበሉ። ዓርብ ጠዋት ሽንኩርት ሠራተኞችን የሚያመላልሰው ሰማያዊ አውቶቡስ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌሩ ይዞት፣ ወደ ማሳው መሄዱን ትቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። አስር እናቶች የሽንኩርት መቁረጫ መቀሳቸውን አውቶቡሱ ወንበር ላይ ትተው፣ ጫማቸው ላይ ቀይ አፈር እንዳለ ወረዱ። ቢሮው ሽንኩርት ሸተተ። አንድ በአንድ ፈረሙ፤ ሬሜድዮስም ፈረመች።

አስራ አንደኛዋ ልጅ እኔ ነኝ። የእኔ እናት ከሁለት ዓመት በፊት አባቷን ለመቅበር ሜክሲኮ ሄዳ በዚያው ቀረች፤ ድንበሩ ከኋላዋ ተዘጋ። በየእሑዱ በስልክ ድምጿን እሰማለሁ። በስልክ ደግሞ አይፈረምም። ስድስት ሳምንት ሲቀረኝ ልቀር ነው እያልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ከሰልፉ መጨረሻ ዶኛ ኤልፒዲያ ብቅ አሉ፤ ክርስትና ሲያነሱ ብቻ የሚያደርጉትን ጥቁር ጫማ አድርገዋል።

ሚስ ቲድዌል አየቻቸው፤ እኔንም አየችኝ። «ለአንቺ ከታች ‹ሞግዚት› የሚል መስመር አለ» አለችኝ። «እዚያ ይፈርሙ፤ ይበቃል።»

«ምን አለች?» አሉኝ።

በሕይወቴ አንድም ቃል ጨምሬባቸው፣ አንድም ቀንሼባቸው አላውቅም ነበር።

«‹እናት› በሚለው ላይ ይፈርሙ ትላለች» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሳሉ ስማቸውን ጻፉ። ሚስ ቲድዌል ፊርማው የት እንዳረፈ አየች። «ያልኩትን በትክክል ነግረሻቸዋል?» አለችኝ።

«ቃል በቃል» አልኩ።

ማኅተሟን አንስታ መታችበት።

«ድሮስ እዚያው አይደል እንዴ የፈረምኩት?» አሉ ዶኛ ኤልፒዲያ፣ ብዕሩን እየመለሱላት።