ፎቶ የጫነ ፈረስ

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል። አገሬውን ሁሉ ፎቶ አንስቷል። አገሬው ግን እስከ መጨረሻው "አርመኑ" ከማለት አልተላቀቀም። ሲያከብሩት እንደ ፈረንጅ "ሙሴ" ይሉታል፣ ሲናደዱበት "መጤ"። በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም አገውኛ አፏ እንደገራላት አጣማ ነው። የተወለደው በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ዛሬ አንድም ዘመድ በሌለው ከተማ፣ ባሕር ማዶ ነው። ወጣት ሳለ አንድ የእንጨት ካሜራ በበቅሎ አስጭኖ ጎጃም ገባ። ከዚያ ወዲያ የትም አልሄደም። የትስ ይሄዳል? ቤቱን አቃጥለው፣ ወገኑን ጨርሰው ያባረሩት ሰው ነው። ይህን የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ደግሜ እንዳልጠይቀው በዓይኑ ከለከለኝ።

ፎቶ ቤታችን ከገበያው አጠገብ ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ኮት የሌለው ደንበኛ እሱን አጥልቆ ይነሳል። ኮት ደግሞ ማን ነበረው! በየቤቱ ብትገቡ ሰዉ ይለያያል እንጂ ኮቱ ያው አንድ ነው። ሁሉም የሚያሠራው እጅ የምታህል ፎቶ ነው። አሳድጉልኝ፣ መስታወት አግቡልኝ ብሎ የሚመጣ ካለ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው፤ ዋጋም ሳንናገር በፊት "እግዜር ያጥናህ" እንላለን።

ማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ሲያቋቁም ከንቲባው አባቴን አስገባው። ጽሕፈቱ ጥሩ ስለሆነና ስብሰባውን ሁሉ በነፃ ፎቶ ስለሚያነሳ ይመስለኛል። አባቴ ግን የምሩን ያዘው። ከብት የሚታረደው ከወንዙ በላይ ነበርና ደሙ ወደሚጠጣው ውሃ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፎ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ተሰድቦ ማረጃውን ወደ ታች አስወረደው። ከከተማው ዳር ያለውን ምንጭም በድንጋይ አስከበበ። ያመሰገነው አልነበረም። እሱም ምስጋና አልጠበቀም፤ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር።

"ሾሙኝ እንጂ አልመረጡኝም" ይለኝ ነበር። "አንድ ቀን ብቻ ወደው፣ የእኛ ነህ ብለው ቢመርጡኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉኝ።"

ቀጥሎ ባለው ዘመን የምክር ቤቱ ሰዎች በነዋሪው ድምፅ ይመረጡ ተባለ። አባቴ ሰባ ሊደፍን ምንም አልቀረውም፤ ስሙን ሲያስመዘግብ ግን እንደ ሙሽራ ፂሙን ተላጭቶ ነው የሄደው። ተቀናቃኙ ደህና የእህል ነጋዴ ነው፤ የከተማው ሰው ግማሹ ዘመዱ፣ ግማሹ ደንበኛው ነው። የእኛ ተስፋ በከተማው ክልል ውስጥ ቤትና መሬት ያላቸው የዳር አገዎች ነበሩ፣ የእናቴ ወገኖች። ከምንጩም የሚቀዱት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው እኔ ሴት ልጁ የገባሁበት። ምናለ እጄን በሰበሰብኩ! ከደብረ ማርቆስ ተምሬ መጥቼ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ በላይ ዐዋቂ የለም። አገው ፈረስ ይወዳል፣ አባባ በአጎቴ ፈረስ ተቀምጦ በገበያ ቀን ይዙር፣ ፎቶውም በትልቁ ተሠርቶ ከፊት ከፊቱ ይሂድለት አልኩ። አባቴ ሳቀ። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱ ፎቶ አንድም አልነበረውም። ያንን የደንበኛ ኮት ለበሰ፣ ካሜራውን ራሱ አስተካክሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ መዝጊያውን ተጫንኩ። አሳድገን አጠብነው፣ መስታወት አገባንለት። በጣም አማረ።

በገበያው ቀን ጠዋት ወገቡን ያዘው። ከአልጋ ሊነሳ ቢል ላብ አጠመቀው። እናቴ እህቷ ወልዳ ጥሊሊ አራስ ጥየቃ ሄዳለች፤ እሷ ብትኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ። የአጎቴ ልጅ ፈረሱን በቀይ ጥልፍ ሸልሞ ደጃፍ ቆሟል። ምርጫው በማግስቱ ነው። ምን ይደረግ? ፎቶውን ኮርቻው ላይ አቁሜ በነጠላ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

"ጋሼስ?" አለኝ የአጎቴ ልጅ።

"ከአልጋ አልተነሳም። አንተ ዝም ብለህ ገበያውን አዙረው" አልኩት። አየኝ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ልጓሙን ይዞ ሄደ። ምነው በጠየቀኝ!

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይሸለማል። ልብሱና ምስሉ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ፈረሱ ባዶውን በለቅሶው መሃል ይዞራል። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ በልጅነቴ ስንቴ አይቼዋለሁ። ትዝ አላለኝም፣ በቃ። የተማርኩ ነኛ! የአጎቴ ልጅ ደግሞ መርዶ ደብቃኝ ነው፣ ወገን ሳይሰበሰብ አታውጣ ማለቷ ነው ብሎ ዕንባውን ውጦ ነው የሄደው።

ብዙም ሳይቆይ ከገበያው ጩኸት ተነሳ። እኔ ቂሏ ዕልልታ መሰለኝ። "ሰማህ አባባ? ገበያው ተነሳልህ!" አልኩት። አባቴ ጆሮውን አቀና። የስንቱን ሐዘን ፎቶ ያነሳ ሰው ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ገባው።

"ይሄ ለቅሶ ነው" አለ።

በመስኮቱ አየሁ። ፈረሱ ገበያው መሃል ቆሟል። የአጎቴ ልጅ አንገቱን አቅፎ ይንሰቀሰቃል፤ አንዲት ሴትዮ ከሁሉ ፊት ሆና ትጮኻለች፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈትተው ደረታቸውን ይመታሉ። ልሮጥ ስል አባቴ እጄን ያዘኝ። አገውኛው እስከዚህም አልነበረምና "ምን እያሉ ነው?" አለኝ።

"የእኛ ሰው እያሉ ነው። ውኃችንን ያጠራህልን የእኛ ሰው፣ ለማን ጥለኸን ነው እያሉ ነው።"

"የእኛ ሰው? እንደዚያ አሉ?"

"አዎ አባባ፣ ልቀቀኝ፣ ሄጄ ልንገራቸው!"

አለቀቀኝም። በሌላው እጁ ዓይኑን ሸፈነ። "ተያቸው" አለኝ። "ትንሽ ይበሉ።"

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በግድ ማስለቀቅ እችል ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ ታሟል። ግን አልጨከንኩም። አንጀቴን በላው። በመጨረሻ እጁ ላላ ሲልልኝ ወጥቼ ሮጥኩ። ግማሹ ገበያተኛ ግን መርዶውን ይዞ ወደየመንደሩ ተበትኗል፤ ከፊሉ ወደ ዘንገና ሐይቅ በኩል፣ ከፊሉም ሌላ ሌላ ቦታ። የቀሩት ቤታችን ድረስ እየጮኹ መጡ። አባቴ እንደምንም ተነስቶ በዱላ ተደግፎ በሩ ላይ ሲቆም ያዩት ሴቶች አማተቡ፣ አንዷ ወደኋላ ወደቀች። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ገበያው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሊስቅ ሞከረ።

በማግስቱ ድምፅ ሲሰጥ ከዳር የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ገሚሶቹ በሕይወት መኖሩን አልሰሙም። የሰሙትም ሙሾ የወረደለትን ሰው ለሹመት መምረጥ ደግ አይደለም ተባብለው ለነጋዴው ሰጡ። እናቴ ከጥሊሊ ተመልሳ የሆነውን ስትሰማ አልተቆጣችኝም። "ፈረሱን ባዶውን?" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ማዘጋጃ ቤት ደጅ አልደረሰም። ኮቱን ከግድግዳው አወረደው። ሲያሻው ይከፍታል፣ ሲያሻው ይዘጋል፤ ደንበኛም ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ሞተ።

እናቴ ለለቅሶው ፎቶውን አምጪው አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሰው ዳግመኛ እንዳይስቅበት ፈርቼ ነው፤ ከሣጥን አላወጣሁትም። የአጎቴ ልጅ ፈረሱን ሳያመጣ በእግሩ መጣ፣ እሱም አፍሮ። ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ሬሳውን ተሸክሞ የሚቀባበል ሰው አጥሮ ከጎረቤት ሁለት ሰው ለመንን። ከዳር አገዎች አንድም ሰው አልመጣም።

ከሐዘን ከተነሳሁ በኋላ ገበያ ውስጥ ያቺን ያኔ ከሁሉ ፊት የጮኸችውን ሴትዮ አገኘኋት። ጎመን ትሸጣለች። ጨርቄን ጥዬ እስካብድ ተናድጄ ነበር። "እንዴት አንድ ሰው እንኳ ትቀራላችሁ?" አልኳት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ክፋት የላትም፤ ነውር ሠራሽ መባሏ ነው የገረማት።

"ውይ ልጄ!" አለችኝ፣ "ለእሳቸውማ ያኔ አልቅሰንላቸው የለም እንዴ?"