ሕመም የሚጋነንበት ጥላ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሕመማቸውን ሳያጋንኑ የዋሉበት ቅዳሜ አንድ ብቻ ነው። የእግራቸው ነርቭ ከተጎዳ ጀምሮ፣ የነርቭ ሕመም የሚያሠቃያቸውን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ይሰበስቡ ነበር። እኔም ተረከዜን ማቃጠል ሲጀምረኝ ገባሁ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሕመሙን ከሁሉ አብልጦ ያጋነነ ሰው ጥላው መሐል ይቀመጣል።

«ዛሬ የጫሞ ሐይቅ አዞዎች በሙሉ እግሬ ላይ ስብሰባ ተቀምጠዋል» ይላሉ።

ከኦቾሎ የሚመጡት ሸማኔ ጣቶቻቸውን እያሹ፣ «ስብሰባማ ቀላል ነው ጋሼ! እኔ በክር ፈንታ የጋለ ሽቦ ነው የምሸምነው» ይላሉ።

እኔ ደግሞ አርባ ምንጭ በሙሉ ተረከዜ ላይ በቆሎ እየጠበሰ ነው እላለሁ። ስንስቅ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ይረሳናል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ተራቸው ሲደርስ፣ «ዛሬስ ትንሽ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ለካ ልባቸው ታሞ፣ የሚያጋንኑበት አቅም አጥተው ኖሯል፤ በሳምንቱ ቀበርናቸው።

አሁን ጥላው መሐል የሚቀመጥ ጠፍቷል። ሁላችንም ዳር ዳሩን ፀሐይ እየጠበሰን ባዶውን ቦታ እናያለን። የእኔም ቃጠሎ ወደ ጉልበቴ እየወጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ «አንተስ?» ሲሉኝ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

«ፈራሁ» አልኩ። «እስከ የት እንደሚወጣ አላውቅም። ያለ እሳቸው እንዴት እንደምችለውም አላውቅም።»

ከእኛው መሐል የሆኑ አንዲት ሙዝ ነጋዴ እማማ ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ፀጉሬ መሸበቱን እያዩ፤ «እኛስ ቅዳሜ ቅዳሜ እያነከስን የምንመጣው የማንፈራ ሆነን መሰለህ?»